ስለ ሌባ ፍለጋና ስለ ንጹሕ ሰው ጥበቃ

መንግሥት ለሕዝቡ የሚከፍለው ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው ዕዳ ሌባውንና ወንበዴውን፥ ነፍሰ ገዳዩንም ፈልጎ ይዞ ለፍርድ ማቅረብ ነው። ሁለተኛውም ዕዳ በዚህ ፍለጋ ጊዜ በደል የሌለበት ሰው እንዳይታሰር፥ ቤቱም እንዳይበረበር፥ ምስጢሩም ያለ ምክንያት እንዳይገለጥ መጠበቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ ዕዳዎች በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው። አንዱ ፈጥኖ ሌላው ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ ማረሻው ፈር ይለቃል።

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። የእርሻ ወራት ሲገባ፥ ባልዋ የሞተባት አንዲት ሴት ያላትን በሬ ሌሊት ሌባ ቢነዳባት ልጆችዋ ዓመቱን ሙሉ ይራባሉ። ስለዚህ «ሌባዬን ፈልጉልኝ፤ ያገኛችሁትንም ቤት ሁሉ ፈትሹልኝ» ብላ ብትጮኽ አይፈረድባትም። ነገር ግን ከርስዋ ቤት በታች የሚኖረው ጎረቤትዋ፥ በበሬው መጥፋት እጁ የሌለበት ሲሆን፥ ሌሊት በሩ ተሰብሮ፥ ጎታው ተገልብጦ፥ ልጆቹም ደንግጠው እያለቀሱ እርሱ ታስሮ ቢወሰድ፥ በዚያ ቀበሌ ሁለት ሰዎች ተበደሉ ማለት ነው። ሴትዮዋን ሌባ በደላት፤ ጎረቤትዋን ግን ጠባቂው በደለው። ሌባ የበደለው ሰው ወደ ጠባቂው ይጮኻል፤ ጠባቂ የበደለው ሰውስ ወደ ማን ይጮኻል? የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ጥያቄ ነው።

1ኛ፤ ስለ አውጫጭኝ

በቀድሞ ዘመን በየአገሩ ፖሊስ አልነበረም፤ የጣት አሻራ የሚመረምር ባለሙያ፥ የምስክር ቃል የሚጽፍ መርማሪም አልነበረም። ስለዚህ ከብት ሲሰረቅ፥ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ፥ ሠሪውም ሳይታወቅ ሲቀር፥ ሕዝቡ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዐት ይፈልገው ነበር።

ሥርዐቱም እንዲህ ነው። የአገሩ ሹም ቀን ቆርጦ የዚያን አካባቢ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሜዳ ይጠራዋል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። የመጣውም ሰው ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ከስፍራው እንዳይለይ ይጠበቃል። የተመረጡ ሽማግሎች ሰውን ሁሉ በየተራ እያስማሉ ያየውንና የሰማውን ይጠይቁታል። የሚያውቀውን በግልጥ ለመናገር የሚፈራ ሰው ቢኖር ቃሉ በምስጢር ይሰማለታል፤ ይህም ስሙ ያልተገለጠ ነጋሪ «ወፍ» ይባል ነበር። ሠሪው ባልታወቀም ጊዜ የጠፋውን ንብረት አገሬው በኅብረት የሚከፍልበት አጋጣሚ ነበር።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ የሚመሰገን ነገር አለ። የመንደሩን ሰላም የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው መሆኑን ያስተምራል። ሽማግሎች ሰውን በስሙ፥ በጠባዩና በዘሩ ስለሚያውቁት፥ ከሩቅ የመጣ ሹም የማያገኘውን እውነት ብዙ ጊዜ ያገኙት ነበር።

የሚነቀፍም ነገር አለው። አንድ ሰው በሠራው በደል መቶ ሰው ይታሰራል። በእርሻና በአጨዳ ወራት የሆነ እንደ ሆነ እህሉ በማሳው ላይ ይቀራል፤ የታመመም፥ አራስ ሚስት ያለችውም ሰው ከሜዳው መውጣት አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የወፍ ነገር ነው። ወፍ በሚናገርበት ጊዜ እውነት ሊናገር ይችላል፤ ነገር ግን የድንበር ጠብ ያለበት፥ ቂም የያዘ፥ ወይም ራሱ የሰረቀ ሰው ወፍ ሊሆን ይችላል። የተከሰሰውም ሰው ከሳሹን ስለማያውቀው «ይህ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ተጣልቶኛልና ቃሉ አይታመን» ብሎ ሊከላከል አይችልም። በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ የወረወረውን አያሳይም።

2ኛ፤ ስለ ሌባሻይና ስለ ቁራኛ

ከአውጫጭኝ ሌላ ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበረ። በዚህ ልማድ አንድ ልጅ ዕፅ የተጨመረበት መጠጥ ያጠጡታል፤ ጢስም ያሸትቱታል። ልቡናውም በተሰወረ ጊዜ ወገቡን በመቀነት ያስሩትና መሪው ጫፉን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ዞሮ ዞሮ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው እርሱ ነው» ተብሎ ይያዝ ነበር። ይህ ልማድ ኋላ በመንግሥት ትእዛዝ የቀረ ነው።

የሌባሻይ ጥፋት ምን እንደ ሆነ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያስረዱ ይገባል። ጥፋቱ ልጁ አንዳንድ ጊዜ መሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጥፋት ምክንያት የሌለው መሆኑ ነው። ያን ልጅ «ስለ ምን ወደዚህ ቤት ገባህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር መልስ አያገኝም። ምክንያት የሌለው ነገር ደግሞ ሊመረመር አይችልም፤ ሊመረመር የማይችልም ነገር ስሕተቱ አይታረምም። እንግዲህ መለዮ የለበሰ ሰው «ስለ ምን ወደዚህ ቤት ገባህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ስለ ጠረጠርሁ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ከሌለው፥ በርሱና በዚያ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ልማድ ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፥ ወይም ባለ ዕዳና አበዳሪ፥ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ይህም ልማድ ችግር ነበረበት፤ ፍርዱ በዘገየ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ሥራቸውን ፈትተው አብረው ይንከራተቱ ነበርና። ነገር ግን በወፍ ዘንድ የጠፋው ነገር በቁራኛ ዘንድ ይገኛል። በቁራኛ ሥርዐት ከሳሹ የታወቀ ነው፤ ፊቱም ይታያል። የክሱንም ሸክም ከተከሳሹ ጋራ አብሮ ይሸከማል። ሰውን አሳስሮ እርሱ በቤቱ ተኝቶ ማደር አይችልም።

እነዚህን ሦስት ልማዶች አስተያይቶ የተመለከተ ሰው ሦስት ጥያቄ ያገኛል። የከሰሰው ማን ነው? የተከሰሰውስ በምን ምክንያት ነው? እንዲያዝና እንዲበረበር የፈቀደው ማን ነው? በኋላ ዘመን የተጻፉት ሕጎች ሁሉ ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተደከመባቸው ናቸው።

3ኛ፤ ስለ ተጻፈው ሕግ

በሐምሌ ወር 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሰጡ። በዚህ ሕገ መንግሥት ውስጥ ማንም ሰው ከሕግ ውጭ እንዳይያዝና እንዳይታሰር፥ ሕግ ከሚፈቅደውም በቀር ቤቱ እንዳይበረበር፥ የሚጻጻፈውም ደብዳቤ ምስጢር እንዳይገለጥ ተጽፎ ነበር። ይህ ቃል መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን «ሕግ ከሚፈቅደው በቀር» ለሚለው ቃል ሕጉ ምን ያህል እንደሚፈቅድ በዝርዝር ተጽፎ አልተገኘም፤ ደግሞም በጦርነትና በሕዝብ መከራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የሚያደርጉትን ነገር እነዚህ አንቀጾች እንደማይከለክሉት ተደንግጎ ነበር። አጥሩ ተተከለ፤ በሩ ግን መዝጊያ ገና አልተሠራለትም ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ዳኛ እንዲቀርብ አዘዘ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ደግሞ አያያዙንና ብርበራውን በዝርዝር ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 የሰውን የአካል ነጻነት፥ በአንቀጽ 19 የተያዘውን ሰው መብት፥ በአንቀጽ 26 የቤቱን፥ የአካሉን፥ የንብረቱን፥ የደብዳቤውንና የስልኩን ምስጢር አጸና።

4ኛ፤ በእንግሊዝ አገር ስለ ሆነ ነገር

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ጥንታውያን የሚባሉት መንግሥታት ሁሉ ተፈትነውበታል። ከዚህም ውስጥ በብዙ አገር የሕግ ትምህርት ቤት የሚነገረው የጆን ኤንቲክ ነገር ነው።

ጆን ኤንቲክ በለንደን አጠገብ የሚኖር ጸሐፊ ነበረ። በፈረንጆች አቆጣጠር በኅዳር 1762 ዓ.ም. ናታን ካሪንግተን የሚባል ሰውና ሌሎች ሦስት የንጉሥ መልእክተኞች ወደ ቤቱ ገቡ። የያዙትም ወረቀት የንጉሡ ሚኒስትር ሎርድ ሃሊፋክስ የፈረመው ነበር። ምክንያታቸውም መንግሥትን የሚነቅፍ ጽሑፍ ጽፏል የሚል ነው። አራት ሰዓት ያህል ቤቱን በረበሩ፤ ሣጥኑንና ቁልፉን ሰበሩ፤ የግል ወረቀቱን አንብበው ብዙውን ወሰዱ።

ኤንቲክ መልእክተኞቹን ከሰሰ። በ1765 ዓ.ም. ነገሩን የተመለከተው ዳኛ ሎርድ ካምደን ነበረ። መልእክተኞቹም «ሚኒስትሩ አዝዞናል፤ እንዲህ ማድረግ ለመንግሥት ደኅንነት የሚያስፈልግና የቆየ ልማድ ነው» ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ግን ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ሥልጣን እንዳለው የሚያስረዳ ሕግ በመጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ አላገኘም፤ ሕግ ካልተገኘም የመንግሥት ጉዳይ ነው ማለት ብቻውን የሰውን ቤት ለመስበር እንደማይበቃ ፈረደ። መልእክተኞቹም ለኤንቲክ 300 ፓውንድ ካሣ እንዲከፍሉ ሆነ።

በአገራችን «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» ይባላል። ይህም ፍርድ ንጉሡን አልከሰሰም። ነገር ግን የንጉሡ መልእክተኛ «ታዝዤ ነው» በማለት ብቻ ከፍርድ እንዳይድን አደረገ። ትእዛዝ ሕግ አይደለም፤ ትእዛዝም ራሱ ሕግ ያስፈልገዋል።

5ኛ፤ ስለ ቤት ብርበራ

ከላይ የተጠቀሰው የ1954 ዓ.ም. ሕግ ስለ ብርበራ ያዘዘው ነገር ሽማግሎች ሊያውቁት የሚገባ ነው።

መጀመሪያ፥ ፖሊስ የሰውን ቤት ለመበርበር ከፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀበል አዘዘ። በትእዛዙም ላይ የሚፈለገው ነገር ተገልጦ እንዲጻፍ፥ ከዚያም ሌላ ነገር እንዳይወሰድ ከለከለ። የተሰረቀ በሬ የሚፈልግ ሰው ሣጥን ከፍቶ ደብዳቤ የሚያነብበት ምክንያት የለውም፤ በሬ በሣጥን ውስጥ አይደበቅምና።

ሁለተኛ፥ ፍርድ ቤቱ በተለይ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲደረግ ወሰነ። ሌሊት የሚመጣን ሰው ባለቤቱ ፖሊስ ይሁን ወንበዴ ይሁን ለይቶ አያውቀውም፤ ጎረቤትም ለምስክርነት አይገኝም።

ሦስተኛ፥ የተያዘው ዕቃ ሁሉ በዝርዝር እንዲጻፍና፥ በተቻለ መጠን ነገሩ የማይነካው ሌላ ሰው ዝርዝሩን አይቶ እንዲፈርም አደረገ።

ደግሞም ሕጉ የፖሊስን ችግር ያልተመለከተ አይደለም። ፖሊስ ወንጀለኛውን በእግሩ ሲከተለው ሮጦ ወደ ቤት የገባበት እንደ ሆነ፥ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ተከትሎት እንዲገባ ተፈቅዶለታል። እንደዚሁም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በአንድ ስፍራ መኖሩን የሚያሳምን ጥቆማ ሲደርሰው፥ ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስም ዕቃው ይሸሻል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው፥ ያለ ትእዛዝ እንዲበረብር ተፈቅዶለታል። እንግዲህ «የዳኛ ትእዛዝ ሌባውን ያስመልጠዋል» የሚለው ነቀፌታ ሙሉ እውነት አይደለም። ሕጉ ለችኮላ ጊዜ በር ትቷል፤ ጥፋት የሚሆነው በዚያች ጠባብ በር ሁልጊዜ መመላለስ ነው።

6ኛ፤ ስለ 48 ሰዓት

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። አለመናገር ይችላል፤ ቃሉንም በግድ እንዲሰጥ አይደረግም። በ48 ሰዓት ውስጥም ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ስፍራ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ በዚህ ሰዓት ውስጥ አይቈጠርም። ይህም መንገድ ለሌለው ገጠር የታሰበ ነው፤ ነገር ግን የማይቈጠረው እውነተኛው የመንገድ ጊዜ ነው እንጂ መኪና እስኪገኝ፥ ሹሙም ከገበያ እስኪመለስ ያለው ጊዜ አይደለም።

ሰው «48 ሰዓት ለምን ተመረጠ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የዚህ ወሰን ጥቅም እንዲህ ነው። የያዘው ሰው፥ የመረመረው ሰውና የሚፈርደው ሰው አንድ ከሆኑ፥ ያ ሰው ተሳስቻለሁ ለማለት ይከብደዋል፤ ያሰረውን ሰው በፈታ ቁጥር በራሱ ላይ የፈረደ ይመስለዋልና። ስለዚህ በነገሩ እፍረት የማይደርስበት ሌላ ሰው ፈጥኖ እንዲያየው ያስፈልጋል። ዳኛውም የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ «ይህን ሰው ስለ ምን ያዝኸው?» ይላል። ይህም ጥያቄ ለሌባሻዩ ልጅ ያልቀረበለት ጥያቄ ነው።

የ1954ቱ ሕግ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈለገ እንደ ሆነ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ወስኖ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ደግሞ ያለ ሕግ ታስሬአለሁ የሚል ሰው፥ ወይም ስለርሱ ሌላ ሰው፥ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት እንዲያቀርብ በአንቀጽ 177 ፈቀደ። እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ጠባቂ የበደለው ሰው ወደ ዳኛ ይጮኻል።

7ኛ፤ ስለ ስልክና ስለ ስውር ክትትል

እስካሁን የተነገረው በዐይን ስለሚታይ ነገር ነው። ቤቱ የተበረበረ ሰው መበርበሩን ያውቃል፤ የታሰረም ሰው መታሰሩን ያውቃል፤ ስለዚህ ሊጮኽ ይችላል። ስልኩ የተጠለፈበት ሰው ግን አያውቅም። በሩ አልተሰበረም፤ ውሻውም አልጮኸም፤ ነገር ግን ከሚስቱ፥ ከልጁ፥ ከነፍስ አባቱ ጋራ የተነጋገረው ቃል በሌላ ሰው ጆሮ ገብቷል። ባለቤቱ ስለማይጮኽ፥ ስለርሱ አስቀድሞ የሚጠይቅ ዳኛ ከሌለ የሚጠይቅለት ማንም የለም። ስለዚህ በስውር ነገር የዳኛው ፈቃድ በግልጡ ነገር ከሚያስፈልገው ይልቅ እጅግ ያስፈልጋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቍጥር 652 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አዋጁ በወጣ ጊዜ የተሰጠው ምክንያት ንጹሓን ሰዎችን ከሚገድል ወንጀል ሕዝቡን መጠበቅ ነበር፤ ይህም ምክንያት በራሱ የሚናቅ አይደለም። ስልክና ደብዳቤን ለመጥለፍም የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲጠየቅ በአንቀጽ 14 ተጽፎ ነበር። ነገር ግን በአንቀጽ 16 ስለ ድንገተኛ ፍተሻ ፈቃድ የሚሰጠው ዳኛ ሳይሆን የፌዴራል ፖሊስ ዋና ዳይሬክተር ወይም እርሱ የወከለው ሰው ሆነ፤ ይኸውም የሚፈትሸውና የሚፈቅደው የአንድ ቤት ሰዎች ሆኑ ማለት ነው። ለምርመራ የሚሰጠውም ጊዜ በያንዳንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ፥ በጠቅላላው ግን ከአራት ወር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ከዚህም በላይ በአንቀጽ 23 የመረጃ ሰዎች ያቀረቡት ጽሑፍ፥ ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጥም፥ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ እንዲቀበሉት ተፈቀደ።

በዚህ ጊዜ ያ የአውጫጭኝ ወፍ ወደ ፍርድ ቤት ተመልሶ ገባ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የቀድሞው ወፍ በሜዳ ላይ በሽማግሎች ጆሮ ይናገር የነበረ ሲሆን፥ የኋለኛው በማኅተምና በወረቀት መምጣቱ ብቻ ነው። በዚህ አዋጅ ጋዜጠኞችና የፖለቲካ ሰዎች ተከስሰው የታሰሩበት ስለ ነበረ በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ ነቀፌታ ደረሰበት። በመጨረሻም በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1176 ተሽሮ በሌላ ተተካ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። በዚህ አዋጅ ጠለፋና ክትትል በፍርድ ቤት ፈቃድ ይደረጋል፤ ነገሩ እጅግ አስቸኳይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ እንዲፈቅድ፥ ምክንያቱንም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ ተደነገገ። ይህ ለችኮላ የተበጀ መንገድ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፥ ዳኛው ዘግይቶ ቢመጣም በእውነት የሚመረምር ሊሆን ይገባዋል።

8ኛ፤ ስለ አስቸኳይ ጊዜ

በጦርነት፥ በወረርሽኝ ወይም በትልቅ ሁከት ጊዜ መንግሥት ከወትሮው የበለጠ ሥልጣን ያስፈልገው ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ይህን ፈቅዷል፤ ወሰንም አድርጎለታል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት፤ ዘመኑም እስከ ስድስት ወር ነው። ምክር ቤቱ በየአራት ወሩ ሊያድሰው ይችላል። በዚያም ጊዜ እንኳ ሰውን በጭካኔ መያዝ አይፈቀድም። ደግሞም መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል፤ ይህም ቦርድ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲገልጥ ታዝዟል።

ስምን መግለጥ ትንሽ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልጅዋ ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰላትን እናት መጠየቅ ነው። በሕይወት መኖሩን፥ ያለበትንም ስፍራ ያወቀች እናት ስንቅ ታቀብላለች፤ ዋስ ትፈልጋለች፤ ወደ ዳኛ ትጮኻለች። ስሙ ያልተጻፈ እስረኛ ግን ለሕግም ለእናቱም የጠፋ ነው።

9ኛ፤ «ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» ስለሚሉ ሰዎች

ብዙ ቅን ሰዎች «ሌባ ያልሆነ ሰው ቤቱ ቢፈተሽ፥ ስልኩ ቢሰማ ምን ይጐዳዋል?» ይላሉ። ለነዚህ ሰዎች ሦስት መልስ መስጠት ይቻላል።

አንደኛ፥ ሰው ምስጢር የሚኖረው ክፉ ስለ ሠራ ብቻ አይደለም። ሕመሙን፥ ዕዳውን፥ የልጁን የጋብቻ ነገር፥ ለነፍስ አባቱ የተናዘዘውን ከሰው ይሰውራል። ቤት ግድግዳና መዝጊያ የሚሠራለት ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፥ ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀው ራሱ ነው እንጂ የሚፈትሸው ሰው አይደለም። በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ሰዎች ንጹሓን ነበሩ፤ ንጽሕናቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አስቀድሞ ወደ ቤታቸው አልመለሳቸውም።

ሦስተኛ፥ ዛሬ ያለው ሹም ደግ ቢሆን፥ ነገ የሚሾመው እንዴት ያለ እንደ ሆነ ማንም አያውቅም። ሥልጣኑ ግን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ለደግ ሹም ተብሎ የፈረሰው አጥር ክፉ ሹም በመጣ ጊዜ በአንድ ሌሊት አይታጠርም።

በሌላው ወገን ደግሞ «ፖሊስ ሁሉ ጠላት ነው» ማለት ስሕተት ነው። በሬዋ የተሰረቀባት ሴት የምትጮኸው ወደ ፖሊስ ነው። ያየውን የሚመሰክር ሰው በጠፋበት አገር፥ ፖሊስም በተናቀበት ስፍራ፥ ባለ ጠመንጃው ሁሉ ራሱ ዳኛ ይሆናል፤ ደም መላሹም ይበዛል። የዳኛ ትእዛዝ የፖሊስን እጅ ለማሰር የተሠራ ሳይሆን እጁን ለማጽዳት የተሠራ ነው። በትእዛዝ የበረበረ ፖሊስ ያገኘው ማስረጃ በፍርድ ቤት ይጸናል፤ እርሱም ራሱ ከቂምና ከክስ ይድናል።

10ኛ፤ ስለ መምህራንና ስለ ሽማግሎች ሥራ

ሕግ በአዲስ አበባ ይጻፋል፤ የሚፈጸመው ግን በየመንደሩ ደጃፍ ነው። ከዳኛ ርቆ በሚኖር ገጠር ሕጉን የሚያስታውስ ሰው መምህሩና ሽማግሌው ናቸው።

ብርበራ በሚደረግበት ጊዜ ለምስክርነት የተጠራ ሽማግሌ፥ ዕቃው ሁሉ በፊቱ ሳይቈጠር፥ ዝርዝሩም ሳይነበብለት መፈረም አይገባውም። ሳያይ የፈረመ ሽማግሌ ሐሰት መሰከረ ማለት ነው፤ በፊርማው የሚታሰረው ሰው ጎረቤቱ ነው፤ ወይም በፊርማው ምክንያት ሌባው ነጻ ይወጣ ይሆናል። ሰው በተያዘም ጊዜ ወዴት እንደ ተወሰደ፥ በስንት ሰዓት እንደ ተያዘ፥ የያዘውም ማን እንደ ሆነ ጽፎ ማኖር ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ ሥራ ነው። 48ቱን ሰዓት የሚቈጥር ሰው ከሌለ 48 ሰዓት ማለት ቃል ብቻ ነው። ደግሞም ጥቆማ የሚሰጥ ሰው በመጣ ጊዜ ሽማግሎች «በዐይንህ አይተሃልን? ከተከሰሰው ሰው ጋራስ ጠብ አለህን?» ብለው ይጠይቁት።

አባቶቻችን እርስ በርሳቸው በተጣሉ ጊዜ ደካማው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኽ ነበር። ይህን ቃል የሰማ ሰው፥ ጕልበተኛም ቢሆን፥ እጁን ይሰበስብና ወደ ዳኛ ይሄድ ነበር። በመካከላቸው ዘበኛ የለም፤ ያቆመው ቃሉ ብቻ ነው። የተጻፈው ሕግ ሁሉ፥ የብርበራው ትእዛዝም፥ 48ቱም ሰዓት፥ የዚህ ጥንታዊ ቃል ዝርዝር ነው። ቃሉም ሌባውን ብቻ ሳይሆን ሌባ ፈላጊውንም እንዲያቆም ሕፃናት ከትምህርት ቤት ጀምረው ሊማሩት ይገባል።

ለመምህራን የተሰጡ ጥያቄዎች

1. አውጫጭኝ ለመንደሩ የሰጠው ጥቅም ምንድር ነው? ጕዳቱስ?
2. «ወፍ» የሚባለው ነጋሪና በቁራኛ የታሰረው ከሳሽ በምን ይለያያሉ?
3. የንጉሥ መልእክተኞች «ታዝዘን ነው» ሲሉ የእንግሊዙ ዳኛ ስለ ምን አልተቀበላቸውም?
4. ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ቤት እንዲገባ የተፈቀደለት በምን ጊዜ ነው? ይህስ ስለ ምን ተፈቀደ?
5. ስልክ በሚጠለፍበት ጊዜ የዳኛ ፈቃድ ከቤት ብርበራ ይልቅ የሚያስፈልገው ስለ ምንድር ነው?
6. በሬዋ የተሰረቀባት ሴትና ቤቱ የተበረበረበት ጎረቤትዋ በአንድ ቀን ወደ ሽማግሎች ቢመጡ፥ ሽማግሎች ለሁለቱም ምን ብለው ይመልሱላቸዋል? ተማሪዎች በሁለት ወገን ሆነው ይነጋገሩበት።